ፍጻሜው የታወቀ ጉጉት፦ ልብ አንጠልጣይነት በበዓሉ ግርማ ልብ ወለዶች

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ሐዲስ ዓለም»ን በ1925 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ልብ ወለድ መካሪ ነበር። አውሮፓ ተምሮ የተመለሰው አወቀ ከየትኛው ወገን እንደሚቆም ለአንባቢ ከጅምሩ ግልጽ ነው። በ1962 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ሲወጣ ግን አንባቢው ከተመካሪነት ወደ ተጠራጣሪነት ተሸጋገረ።

ለዚህ ሽግግር የበዓሉን ያህል የደከመ ደራሲ ጥቂት ነው። ኢሉባቦር፣ ሱጴ ተወልዶ፣ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አልፎ፣ አሜሪካ ሚሺጋን ጋዜጠኝነት አጠና። «መነን»ንና «አዲስ ዘመን»ን በመሳሰሉ ኅትመቶች የሠራባቸው ዓመታት የአጻጻፉ መሠረት ናቸው። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ቦታው፣ ሰዓቱና የሰው አለባበስ እንደ ዜና ተለይተው ይታወቃሉ። አንባቢ ዝርዝሩን ሲያምን ሴራውንም ያምናል።

«ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ ግድያ አለ። ሥዕል የሚናፍቀው አበራ ወርቁ ወዳጁን ኃይለ ማርያም ካሳን ይገድላል። ይሁንና ልብ የሚያንጠለጥለው የገዳዩ ማንነት አይደለም፤ ሥራውን፣ ጥበቡንና የሚወዳትን ሉሊት ታደሰን አንድ ላይ መያዝ ያቃተው ሰው ቅናቱ የት ያደርሰው ይሆን የሚለው ነው።

ይህ ብልሃት በ«ኦሮማይ» ጎልምሷል። ልብ ወለዱ የደርግ መንግሥት በኤርትራ አማፅያን ላይ ያካሄደውን የ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ይዞ ጋዜጠኛውን ፀጋዬ ኃይለ ማርያምን ወደ አስመራ ይወስደዋል። ሰላዮች ይፈላለጋሉ፤ አዲስ አበባ ላይ እጮኛው ሮማን፣ አስመራ ላይ አዲሷ ፍቅሩ ፊያሜታ ትጠብቀዋለች። በ1975 ዓ.ም. መጽሐፉ ሲወጣ የዘመቻው ዋና ዒላማ የነበረችው ናቅፋ አልተያዘችም ነበር። ስለዚህ የዘመቻው ፍጻሜ ለማንም ምስጢር አይደለም። አንባቢን እስከ መጨረሻው ገጽ የሚጎትተው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ድሉን እንዲያበስር የተላከው ጋዜጠኛ ሽንፈቱን መቼ ለራሱ ያምናል? የስለላው ታሪክ ከመጽሐፉ ተቀንሶ ቢወጣ እንኳ ይህ ጥያቄ ብቻውን ደግፎ ያቆመዋል። መጽሐፉ ተደግሞ ሲነበብም የማይሰለቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

መንግሥት መጽሐፉን ወዲያው ከገበያ ሰበሰበው፤ በዓሉም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም፤ ቮልስዋገን መኪናው በቃሊቲ መንገድ ቆማ ተገኘች። አንባቢዎች ግን ጽሑፉን እየገለበጡ ተቀባበሉት።

ብዙ ጊዜ ስለ «ኦሮማይ» ስንናገር የደራሲው መሰወር የድርሰቱን ጥበብ ይጋርድብናል። በዓሉ በሰማዕትነቱ ብቻ ሳይሆን በሙያው ሊጠና ይገባዋል። መሐል ሜዳም ሆነ ጎሬ የሚያስተምር የአማርኛ መምህር ለወጣት ተማሪዎቹ አንድ ሥራ ቢሰጥ መልካም ነው፤ በየምዕራፉ ፀጋዬ ያየውንና ሳይዘግበው ያለፈውን ጎን ለጎን ይጻፉ። ልብ ወለዱን አንጠልጥሎ የያዘው ክር በእነዚያ ሁለት ዝርዝሮች መካከል ይገኛል።