ዕድል ከሰማይ ነውን ወይስ ከበሩ ጕበን?

ልጅ ገና በእናቱ ዕቅፍ ሳለ ጠባዩ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ለማወቅ መመኘት በወላጅ ሁሉ ልብ ያለ ነገር ነው። ቻይናውያን ይህን ምኞት ከጥንት ዘመን ጀምሮ በሥርዐትና በቍጥር አበጅተውታል። ዓመታቱን በ12 እንስሳት ስም ይጠራሉ፤ እነርሱም አይጥ፥ በሬ፥ ነብር፥ ጥንቸል፥ ዘንዶ፥ እባብ፥ ፈረስ፥ በግ፥ ዝንጀሮ፥ ዶሮ፥ ውሻና ዐሣማ ናቸው። የኢትዮጵያ መጻሕፍት ባሕርያትን አራት ብለው ሲቈጥሩ የቻይና መጻሕፍት ግን አምስት ይላሉ፤ ይኸውም እንጨት፥ እሳት፥ መሬት፥ ብረትና ውሃ ነው። እንስሳቱና ባሕርያቱ ተዛምደው ሲዞሩ ዙሩ በ60 ዓመት ይፈጸማል። በነብር ዓመት የተወለደ ልጅ ደፋርና ቍጡ፥ በጥንቸል ዓመት የተወለደ ጭምትና ድንጉጥ፥ በበሬ ዓመት የተወለደ ታጋሽና ግትር ይሆናል ይባላል። የጥበቡ ባለሙያዎች ግን በዓመቱ ብቻ አይረኩም፤ ለዓመቱ፥ ለወሩ፥ ለቀኑና ለሰዓቱ ሁለት ሁለት ምልክት ሰጥተው በስምንት ምልክት የልጁን ባሕርይ ይመዝናሉ።

ይህ ጥበብ ልጅን ለማወቅ ይረዳልን? ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ሌላው ሕዝብ ነገሩን ሳይነቅፈው በፊት የቻይና ሊቃውንት ራሳቸው መርምረውታል፤ የመረመሩትም በጽሕፈት ስለ ተገኘ የዛሬ ወላጅ ሊማርበት ይችላል።

ነገር ግን መርማሪ ከመንቀፉ አስቀድሞ በጎውን ሊናገር ይገባዋል። ይህ ጥበብ ወላጅን አንድ እውነት ያስተምረዋል፤ ይኸውም ልጆች ሁሉ በአንድ ቅርጽ የተሠሩ አለመሆናቸውን ነው። እልከኛውን ልጅ ክፉ ነው ከማለት የበሬ ዓመት ልጅ ነው ብላ የምትታገሥ እናት፥ ያለ አግባብ ከሚመታ አባት ትሻላለች። ደግሞም ምዘናው የሚሻው ልክን ነው፤ የበዛውን እንዲቀንሱ፥ የጐደለውንም እንዲሞሉ ይመክራል እንጂ ልጁን ፈጽሞ ጥሉት አይልም። ይህን ያህል መልካምነት አለው።

ጕድለቱ የሚጀምረው ከሚዛኑ ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዋንግ ቾንግ፥ ትርጓሜው የነገር ሚዛን ማለት በሚሆን «ሉን ሄንግ» በተባለ መጽሐፉ፥ እንስሳቱን ከባሕርያቱ ጋራ የሚያዛምደውን ትምህርት በቀልድ አፍርሶታል። አይጥ የውሃ፥ ፈረስ የእሳት ከሆኑ፥ ውሃም እሳትን የሚያሸንፍ ከሆነ፥ አይጥ ፈረስን ሲያሳድድ ያየ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ዋንግ ቾንግ ዕድል የለም የሚል ሰው አልነበረም፤ ስለ ዕድል ብዙ ጽፏል። ስለዚህ ነቀፋው ከጠላት የመጣ ሳይሆን ከቤተ ሰብ የመጣ በመሆኑ ይበልጥ ይከብዳል። በ7ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የታንግ ንጉሥ የኮከብ መጻሕፍትን እንዲያርም ያዘዘው ሊዩ ጻይ፥ የታወቁ ነገሥታትን የልደት ቀን እየጠቀሰ የተነገረላቸው ዕድልና የደረሰባቸው ነገር እንዳልተስማማ አሳየ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ260 በቻንግፒንግ ጦርነት ተማርከው በጕድጓድ የተቀበሩትን፥ የታሪክ መጻሕፍት ከ400,000 ይበልጣሉ የሚሏቸውን ወታደሮች አንሥቶ፥ እነዚህ ሁሉ አንድ ኮከብ ነበራቸውን ይላል።

ስምንቱ ምልክቶች ልዩ ልዩ ሆነው ቢደራጁ ከ518,400 አያልፉም። ከ1 ቢሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ባለበት አገር በያንዳንዱ ዕጣ ላይ በአማካይ ወደ 2,000 ሰው ያህል ይደርሳል ማለት ነው፤ እነዚህ ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው የሚል ማን ነው? የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢም ኤሳውንና ያዕቆብን ያስባል። በአንድ ማኅፀን አድረው፥ አንዱ የሌላውን ተረከዝ ይዞ ተወለዱ፤ ነገር ግን አንዱ አዳኝና የበረሃ ሰው፥ ሁለተኛው ጭምትና በድንኳን የሚቀመጥ ሆነ። ሰዓቱ አንድ፥ ጠባዩ ሁለት ነው።

ሆኖም ሚዛኑ የተሳሳተ መሆኑ ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ነገር ሚዛኑን የሚያምን አባት በልጁ ላይ የሚያደርገው ነው። ይህንም ከሁሉ አስቀድሞ የታሪክ ጸሐፊው ሲማ ጪየን በጥቂት ቃል ጽፎታል። በጪ መንግሥት ቲየን ዪንግ የሚባል መስፍን ከ40 በላይ ወንዶች ልጆች ነበሩት። ከአንዲት ዝቅ ካለች ዕቍባቱ በ5ኛው ወር በ5ኛው ቀን ወንድ ልጅ ተወለደለት። በዚያ ቀን የተወለደ ልጅ ቁመቱ ከበሩ ጕበን ሲደርስ አባትና እናቱን ይጐዳል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፥ አባቱ አታሳድጊው ብሎ አዘዘ። እናቱ ግን ሸሽጋ አሳደገችው። ልጁ ቲየን ወን አድጎ ከአባቱ ፊት በቀረበ ጊዜ፥ አባቱ እናቲቱን ሲቈጣ፥ ልጁ ሰው ዕድሉን የሚቀበለው ከሰማይ ነው ወይስ ከበሩ ብሎ ጠየቀ። አባቱ ዝም አለ። ልጁም ከሰማይ ከሆነ መጨነቅ እንደማያስፈልግ፥ ከበሩ ከሆነ ግን በሩን ከፍ ማድረግ እንደሚበቃ፥ ያን ጊዜ ማንም ሊደርስበት እንደማይችል አስረዳ። ይህ ልጅ ኋላ የአባቱን ቤት ወረሰ፤ የመንግቻንግ መስፍን ተብሎ በጪ መንግሥት ጠቅላይ ሹም ሆነ።

ሲማ ጪየን ከኮከብ ቈጣሪዎች ጋራ አይከራከርም፤ የሚናገረውን ሁሉ በልጁ አፍ አድርጎታል፥ ስለዚህም ታሪኩ አይረሳም። አንባቢ ግን አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባዋል። ልጁን ያተረፈው ብልህ ቃሉ አይደለም፤ ቃሉ ከመድረሱ በፊት የሞት ፍርድ ነበረበት። ያተረፈችው ኮከቡን ትታ ልጁን ያየች እናቱ ናት። እናቱ እንደ ታዘዘች ቢሆን ኖሮ ያን ጥያቄ የሚጠይቅ አይገኝም ነበር።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ አይደለም። ጃፓናውያን የ60 ዓመቱን ቍጥር ከቻይና ተቀብለው የራሳቸውን እምነት ጨመሩበት፤ በእሳት ፈረስ ዓመት የተወለደች ሴት ቍጡ ናት፥ የባሏንም ዕድሜ ታሳጥራለች ይሉ ነበር። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1965 በጃፓን ከ1,820,000 የሚበልጡ ሕፃናት ተወልደው ነበር፤ የእሳት ፈረስ ዓመት በሆነው በ1966 ወደ 1,360,000 ወረዱ፤ በ1967 ተመልሰው ከ1,930,000 በላይ ሆኑ። የአንዲት ልጅ ጠባይ ገና ሳይታይ ብዙ ወላጆች መውለድን ፈሩ። ከዚያ ቀጥሎ የሚውለው የእሳት ፈረስ ዓመት 2026 ነው።

ሁለተኛውን ጕዳት የገለጸው ሉ ሹን ነው። በ1921 በጻፈው «የትውልድ አገር» በተባለው አጭር ልብ ወለድ ሩንቱ የሚባል የገበሬ ልጅ አለ። በትርፍ ወር ስለ ተወለደ፥ ከአምስቱም ባሕርያት መሬት ስለ ጐደለው፥ አባቱ ሁለቱን የሚያስታውስ ስም አወጣለት። ልጁ ሳለ ንቁና ደስተኛ ነበር፤ በባሕር ዳር፥ በጨረቃ ብርሃን፥ የሐብሐብ እርሻ ይጠብቃል፤ የጌታው ልጅም ወዳጁ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ሲገናኙ ግን ፊቱ ተጨማድዶ፥ እጁ ተሰነጣጥቆ፥ የልጅነት ወዳጁን «ጌታዬ» ብሎ ጠራው። ስምንቱ ምልክቶች ጐደለው ያሉት መሬት በስሙ ተሞልቶለት ነበር። ሩንቱን ያደቀቀው ግን የልጆች ብዛት፥ ረኃብ፥ ግብር፥ ወታደር፥ ሽፍታና ሹም ነው፤ ከእነዚህም አንዱ ስንኳ በልደቱ ቍጥር ውስጥ አልተጻፈም። የሉ ሹን ጥበብ ስሙን አንድ ጊዜ ተርጕሞ ካለፈ በኋላ ዳግመኛ አለማንሣቱ ነው፤ ፍርዱን ለአንባቢ ተወለት። ጐደሎውን በኮከብ የሚፈልግ ሰው በደጅ የቆመውን ጐደሎ አያይም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢም በዚህ ነገር ራቅ ብሎ ሊስቅ አይገባውም። የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋራ በፊደል ቈጥሮ ኮከቡ ይህ ነው የሚለው ዐውደ ነገሥት በብዙ ቤት ተሸሽጎ ይገኛል። ደግሞም በባሕረ ሐሳብ ዓመታቱ በማቴዎስ፥ በማርቆስ፥ በሉቃስና በዮሐንስ ስም ተራ በተራ ይጠራሉ፤ ነገር ግን በሉቃስ ዓመት የተወለደ ሁሉ ባለመድኃኒት፥ በማቴዎስ ዓመት የተወለደ ሁሉ ቀራጭ ይሆናል ያለ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ አልተሰማም። ሊቃውንቱ የዓመትን ስም በዓልንና ጾምን ለማወቅ ያዙት እንጂ በሕፃን ላይ ለመፍረድ አላዋሉትም። ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ሥነ ፍጥረት በሰበከው ስብከት እንዳስረዳው፥ ጠባይ ሁሉ ከልደት ሰዓት ከሆነ ለጻድቅ ዋጋ፥ ለኃጥእም ፍርድ የሚገባበት ምክንያት አይኖርም።

እንግዲህ የልጁን ጠባይ ማወቅ የሚፈልግ ወላጅ፥ ልጁ ሲጫወትና ሲያለቅስ፥ ሲዋሽና ሲያካፍል፥ ሲፈራና ሲደፍር ይመልከት፤ ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ንባብ ነው፥ በአንድ ቀንም አይፈጸም። ዓመቱ ልጁ መቼ እንደ መጣ ይናገራል፤ ማን እንደ ሆነ ግን ልጁ ራሱ ቀስ እያለ ይናገራል። እስኪናገርም ድረስ የወላጅ ሥራ ጕበኑን ከፍ ማድረግ ነው።