ሚዛኑ አንድ ይሁን፦ ሞርሞንነትን ትተው ካቶሊክ በሆኑ ሰዎች ምስክርነት ላይ የቀረበ ሂስ

ሃይማኖቱን ለውጦ የመጣ ሰው ለመናገር ሲነሣ ሁለት ዓይነት አድማጭ ይከበዋል። አዲሶቹ ወንድሞቹ ገና አፉን ሳይከፍት ያጨበጭቡለታል፤ የቀድሞዎቹ ደግሞ ገና ሳይሰሙት ከሃዲ ይሉታል። ሁለቱም ወገን ቃሉን አይመረምርም። ሐያሲ ሦስተኛው አድማጭ ነው። ሥራውም የተናጋሪው ድምዳሜ ካቀረበው ማስረጃ ጋር ይመጣጠናል ወይስ አይመጣጠንም ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ በመጠለያ ለምንኖር ሰዎች ባዕድ አይደለም። ድርጅቱን፣ ወገኑን ወይም ሃይማኖቱን ትቶ የመጣ ሰው ቃል ምን ያህል ይታመናል የሚለው ክርክር በየሻይ ቤቱ የምንሰማው ነው። ዛሬ የምንመረምራቸው ምስክሮች ግን አሜሪካውያን ናቸው፤ ሞርሞን ሆነው አድገው ወይም ኖረው በኋላ ካቶሊክ የሆኑ ሰዎች። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ሞርሞኖች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሞርሞን የሚባሉት ጆሴፍ ስሚዝ በ1830 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ከመሠረተው ማኅበር የተገኙ ሲሆኑ፣ ትልቁ ክፍላቸው ዋና መቀመጫውን በዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ አድርጓል። የትምህርታቸው መሠረት እንዲህ የሚል ነው፦ ሐዋርያት ካለፉ በኋላ እውነተኛይቱ ቤተ ክርስቲያንና ክህነቷ ከምድር ጠፉ፤ ይህም ታላቁ ክህደት ይባላል፤ የጠፋውም በስሚዝ እጅ ተመለሰ። እንግዲህ ከዚህ ወጥቶ ካቶሊክ የሚሆን ሰው የሚያልፈው በቀላል ደጃፍ አይደለም። ጠፍታ ነበር ሲባል የተማረላትን ቤተ ክርስቲያን፣ መቼም አልጠፋችም ብሎ ነው የሚገባባት።

እነዚህ ሰዎች የሚሰጡት ምስክርነት በአሜሪካ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዓይነት ሆኗል። በ2022 የታተመው የጄረሚ ክርስቲያንሰን መጽሐፍ «ከሳስኩዌሃና እስከ ታይበር» የሚል ርእስ አለው። ሁለቱም ወንዞች ናቸው። ሳስኩዌሃና መጥምቁ ዮሐንስ በ1829 ተገልጦ ክህነት ሰጠኝ ብሎ ስሚዝ የተናገረበት ሥፍራ ነው፤ ታይበር ደግሞ የሮም ወንዝ ነው። ርእሱ ብቻውን የክርክሩን ልብ ይናገራል፤ ይኸውም ክህነትን ከማን ተቀበልን የሚለው ነው።

ምስክሮቹ ከሚያነሧቸው ጥርጣሬዎች አንዱ የሰነድ ጥርጣሬ ነው። በ1835 ስሚዝና ተከታዮቹ በኦሃዮ፣ ከርትላንድ ከአንድ ተጓዥ ነጋዴ አራት የግብፅ ሬሳዎችን ከፓፒረስ ጥቅልሎች ጋር ገዙ። ስሚዝም ከዚያ ተረጎምኩት ያለውን «መጽሐፈ አብርሃም» በ1842 አሳተመ። ጥቅልሎቹ በቺካጎ ቃጠሎ ጠፍተዋል ተብሎ ሲታመን ኖሮ፣ ቁርጥራጮቻቸው በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተገኙና በ1967 ለሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። የጥንታዊ ግብፅ ሊቃውንት ሲያነቧቸው ከሙታን ጋር የሚቀበሩ ጽሑፎች ሆነው ተገኙ፤ የአብርሃምም ስም የለባቸውም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በ2014 ባወጣችው ጽሑፍ፣ በቁርጥራጮቹ ላይ ያለው ጽሕፈት ከመጽሐፈ አብርሃም ጋር እንደማይገጥም ተቀብላለች። ተከላካዮቿ መልስ አላቸው። አንዳንዶቹ የተተረጎመው ክፍል ጠፍቷል ይላሉ፤ ሌሎቹም ፓፒረሱ የራእይ ምክንያት እንጂ ምንጭ አልነበረም ይላሉ።

በዚህ ነጥብ ላይ ምስክሮቹ ጠንካራ ናቸው። ምክንያቱም አንባቢው እነርሱን ማመን አያስፈልገውም፤ ነገሩን ራሱ ሊያጣራው ይችላል። ሆኖም የሰነድ ጥርጣሬ ሰውን ከቤት ያስወጣዋል እንጂ ወደየትኛው ቤት እንደሚገባ አይነግረውም። ፓፒረሱን አይቶ ከሞርሞንነት የወጣ ሰው ፕሮቴስታንት ሊሆን፣ ወይም እምነትን ጨርሶ ሊተው ይችላል። ስለዚህ «ፓፒረሱ አብርሃምን አያውቅም፤ ስለዚህ ካቶሊክ ሆንኩ» የሚል ጽሑፍ መሐል ላይ ድልድይ ጎድሎታል።

ድልድዩን ለመሥራት የሚሞክረው ሁለተኛው ጥርጣሬ፣ ስለ ታላቁ ክህደት የሚነሣው ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ላይ ጌታ የሲኦል ደጆች ቤተ ክርስቲያኑን እንደማይችሏት ተስፋ ሰጥቷል። ታዲያ እንዴት ፈጽማ ጠፋች? ብለው ይጠይቃሉ። ቀጥለውም በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የነበሩትን የአንጾኪያውን አግናጥዮስንና ሰማዕቱን ዮስጢኖስን ያነባሉ፤ ጳጳሱንና ቅዱስ ቁርባኑን እዚያው ያገኟቸዋል። ይህ ጥሩ ንባብ ነው። የጽሑፎቹም ምርጥ ገጾች እነዚህ ናቸው፤ ሰውየው ስለ ራሱ ማውራቱን ትቶ የጥንት ሰዎችን ሲያዳምጥ እናየዋለንና።

ነገር ግን የእኛ አካባቢ አንባቢ እዚህ ላይ እጁን አንሥቶ መጠየቅ ይገባዋል። «ቤተ ክርስቲያን አልጠፋችም» ከሚለው ተነሥቶ «ስለዚህ ሮም ናት» እስከሚለው ድረስ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነውን? ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በሌላ መስመር ቀጥለዋል። ግሪኮችም ከሮም የተለያዩበት ዓመት አብዛኛውን ጊዜ 1054 ተብሎ ይጠቀሳል። ጳጳስ፣ ቁርባንና ከሐዋርያት የወረደ ክህነት አለን የሚሉ እነዚህም ናቸው። ይህን የምጽፈው ለአንዱ ወገን ለመስበክ አይደለም። ካቶሊኮች የጴጥሮስን መንበር ጠቅሰው የሚሰጡት መልስ አላቸው፤ መልሱ ግን መነገርና መከራከሪያ መሆን አለበት። መንታ መንገድ ላይ የደረሰ መንገደኛ ሁለተኛው መንገድ ጭራሽ እንዳልነበረ አድርጎ ቢያወራ፣ ጉዞውን በሙሉ አልተረከልንም።

ሦስተኛው ጥርጣሬ እኛን በቅርብ ይነካናል። ከ1852 ብሪገም ያንግ በይፋ ካወጀበት ጊዜ ጀምሮ እስከ 1978 ድረስ፣ የአፍሪካ ዘር ያለው ወንድ በሞርሞኖች ዘንድ ክህነት አይቀበልም ነበር። ለዚህም የካምንና የቃየንን ርግማን በምክንያትነት ይጠቅሱ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ2013 እነዚህን ትምህርቶች እንደማትቀበል ገልጻለች። ምስክሮቹ ይህን ማንሣታቸው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን በ1452 የሮም ጳጳስ ኒቆላዎስ 5ኛ ለፖርቱጋል ንጉሥ እስላሞችንና አረማውያንን ወደ ዘለዓለም ባርነት እንዲያወርዳቸው በደብዳቤ ፈቅደውለት ነበር። ቫቲካን በእንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ላይ የተመሠረተውን የቅኝ ያዦች «የግኝት መብት» አስተሳሰብ እንደማትቀበል በይፋ የገለጸችው በ2023 ነው። ሁለቱ ጉዳዮች በሁሉም ረገድ አንድ ናቸው አልልም። የ1852ቱን በሰፊው እየዘረዘረ ስለ 1452ቱ ዝም የሚል ጸሐፊ ግን «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ይደርስበታል። አዲሱ ቤቱንም በዚያው ሚዛን መዝኖ «ይህን አውቄ ነው የገባሁት» የሚል ጸሐፊ ቢገኝ፣ ቃሉ እጥፍ ክብደት ይኖረዋል።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንምጣ። በሞርሞኖች ዘንድ በወር አንድ እሑድ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው፣ ምእመናን ጾመው ይሰበሰቡና እየተነሡ ይመሰክራሉ፤ የምስክርነቱም ቁልፍ ቃል «አውቃለሁ» የሚለው ነው። የስሚዝ የራሱ ታሪክም የታወቀ ቅርፅ አለው፦ ወጣቱ በሃይማኖቶች ብዛት ግራ ይጋባል፤ ያነባል፤ ይጸልያል፤ በመጨረሻም ርግጠኝነት ይወርድለታል። ከሞርሞንነት የወጡት ብዙዎቹም ታሪካቸውን በዚሁ ቅርፅ ይጽፋሉ። የሚክዱትን ታሪክ ልብስ ለብሰው ይመጣሉ ማለት ነው። ልምድ በመሆኑ አይፈረድባቸውም፤ ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። ትናንት በልቤ የተሰማኝ ሙቀት የእውነት ምስክር አልነበረም ያለ ሰው፣ ዛሬ በቅዳሴ የተሰማኝ ሰላም ምስክሬ ነው ብሎ መዝጋት አይችልም። ስሜቱን ይንገረን፤ ማስረጃ አድርጎ ግን አያቅርብልን።

ጽሑፎቹ በእውነት ከፍ የሚሉት የተከፈለውን ዋጋ ሲናገሩ ነው። ሞርሞኖች ለዘለዓለም የሚጸና የሚሉት ጋብቻ የሚፈጸመው በቤተ መቅደስ ሲሆን፣ የመግቢያ ፈቃድ የሌለው ሰው አይገባም። ስለዚህ ሃይማኖቷን የለወጠች እናት የልጇ ጋብቻ ሲታሰር ውጭ ቆማ ትጠብቃለች። በአዲሱም ቤት ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ቫቲካን በ2001 የሞርሞን ጥምቀት እንደማይጸና ስለ ወሰነች፣ ገቢው እንዳልተጠመቀ ሰው እንደገና ይጠመቃል። በልጅነቱ አባቱ ያጠመቀው ሰው ያ ጥምቀት ጥምቀት አልነበረም ሲባል ምን ይሰማዋል? እዚህ ላይ ቆሞ፣ ሳይቸኩልና ማንንም ሳይሰድብ የሚጽፍ ምስክር እናነብለታለን። ጾምን፣ ለጎረቤት መድረስንና ቤተሰብን መሰብሰብን ከሞርሞኖች ተምሬ ይዤ መጣሁ የሚል ሰውም ይበልጥ ይታመናል። የወጣበትን ቤት በሙሉ ጨለማ የሚያደርግ ሰው፣ እዚያ ውስጥ ለምን ይህን ያህል ዘመን እንደ ኖረ ሊያስረዳን አይችልምና።

በጠቅላላው ሲታይ፣ እነዚህ ምስክርነቶች ለምን እንደ ወጡ ሲናገሩ ጠንካራ፣ ለምን እዚያ እንደ ገቡ ሲናገሩ ግን ቸኳይ ናቸው። መድኃኒቱም አንድ ሚዛን ነው፤ የተውትንም የያዙትንም በእርሱ መመዘን። ይህን መጠየቅ ያለብን ከአሜሪካኖቹ ብቻ አይደለም፤ በመካከላችን ተነሥቶ «ያንን ትቼ ይህን ያዝኩ» ከሚል ከማንኛውም ሰው ነው፣ ነገሩ የሃይማኖትም ይሁን የፖለቲካ። በዚህ ሂስ የማይስማማ አንባቢ ቢኖር መልሱን ጽፎ ይላክልን፤ ለሚቀጥለው እትም እንገለብጠዋለን።