«ዝግመተ ለውጥ» ስለሚለው ስያሜ

«ዝግመተ ለውጥ» የተሰኘው ስያሜ በትምህርት መጻሕፍታችን ከተደላደለ ቆይቷል፤ ቃሉ ምን እንደሚል ግን እምብዛም አልተመረመረም። ሥሩ «ዘገመ» ነው፤ ቀስ ብሎ ተራመደ ማለት ነው። «አዝጋሚ»ም፣ ሰው የሚነቀፍበት «ዘገምተኛ»ም የዚሁ ዘር ናቸው። በግእዙ የዘርፍ ሥርዓት በጥሬው ስንፈታው «የለውጥ ዝግታ» ይሆናል እንጂ ዝግ ያለ ለውጥ አይሆንም። ስያሜው እንግዲህ ፍጥነቱን ሰይሞ ለውጡን ረስቶታል።

የላቲኑ «ኤቮሉቲዮ» ስለ ፍጥነት አንዳች አይናገርም፤ የተጠቀለለን መጽሐፍ መዘርጋት ነው። የብራና ጥቅልል ለሚያውቅ ሕዝብ ምስሉ ባዕድ ባልሆነ ነበር! ዳርዊን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1859 በታተመው መጽሐፉ በዚህ ስም አልተጠቀመም፤ የመረጠው እየተለዋወጡ መዋለድን የሚያመለክት ሐረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ናይልስ ኤልድሪጅና ስቲቨን ጄይ ጉልድ፣ ዝርያዎች ለረጅም ዘመን ጸንተው ይቆዩና በሥነ ምድር አቆጣጠር በአጭር ጊዜ ይለወጣሉ ሲሉ ተከራከሩ። ይህን በአማርኛ ለማስረዳት የተነሣ ሰው «ያልዘገመ ዝግመት» ሊል ነው።

ነገሩ በሥነ ሕይወት አይወሰንም። በ1966 ዓ.ም. «አዝጋሚ ለውጥ» ከ«አብዮት» ጋር ተፋጠጠ። «አብዮት» የመጣው «አበየ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ እምቢታ ማለት ነው። አንዱ እምቢ ሲል ሌላው ያዘግማል። በእኛ አስተያየት ጥገናን የመረጠ ሰው ሐሳቡ ከመመዘኑ በፊት ግማሹን ሙግት በስያሜው ተረትቶ ነበር። ለሥነ ሕይወቱ ትምህርት ከመዘርጋት ወይም ከመዋለድ የሚቀዳ ስም ቢፈለግለት እንመርጣለን።