ስለ ባዶው መስቀል ሥዕል፤ «የተሰወረ ምሥጢር» የሚባለው አስተያየት ሲመረመር

ስለ ጥንታውያን ሥዕሎቻችን በሚነገረውና በሚጻፈው ውስጥ «የተሰወረ ምሥጢር» የሚለው ቃል እየበዛ መጥቷል። ሠዓሊው በግልጽ ሊናገር ያልደፈረውን አሳብ በቀለም ሸሽጎ እንዳስቀመጠ ተደርጎ ይተረካል። ይህ አስተያየት ለሰሚው ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፥ ከሥዕሎቹ ምስክርነት ጋራ መስማማቱን መመርመር ይገባል። ለምርመራውም ሐይቅ እስጢፋኖስ መልካም መነሻ ይሆነናል።

የገዳሙ አበምኔት አቡነ ኢየሱስ ሞአ ለደብረ ሐይቅ የሰጡት አራቱ ወንጌል፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የ1280/81 ዓመት መጽሐፍ ነው። የአባ ገሪማ ወንጌሎች በዕድሜ እጅግ ይበልጡታል፤ ነገር ግን የእነዚያ ዘመን የተገመተው በራዲዮ ካርቦን ምርመራ ሲሆን፥ የሐይቁ ግን ዘመኑ በጽሑፍ ይታወቃል። በዚሁ መጽሐፍ የአቡነ ኢየሱስ ሞአ የራሳቸው ሥዕል ይገኛል። በሕይወት ያሉ መምህር በወንጌል መጽሐፍ ውስጥ መሣላቸውን አይቶ ስውር የሥልጣን ጥያቄ አለበት የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ የገዳም ወንጌል የንባብ መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ ስጦታና ርስት የሚጻፍበት መዝገብም ነበር። እንግዲህ ስሙ የተጻፈበት የሰጪው ሥዕል የስጦታው ምስክር ነው ብንል ይቀርባል። ምስክር ደግሞ ራሱን አይሰውርም።

ከዚህ የሚከብደው የባዶው መስቀል ሥዕል ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመንና በ15ኛው መባቻ በተሣሉ አንዳንድ ወንጌሎቻችን፥ ለምሳሌ ዛሬ በኒው ዮርክ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት በሚገኘው በ1400/01 በተጻፈው የልዕልት ዝር ጋኔላ ወንጌል፥ ሁለቱ ወንበዶች ተሰቅለው ይታያሉ፤ የመካከለኛው መስቀል ግን ሥጋ የለበትም፤ ከበላዩ በግ ቆሟል። ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ዓይነት ሥዕል ለብቻው መርምረውታል።

አንዳንዶች የአምላክን ሕማም ላለመግለጽ ተብሎ የተደረገ ነው ይላሉ። ይህ ግን የሚጸና አይመስለንም። ቤተ ክርስቲያናችን ሕማሙን በሰሙነ ሕማማት በስግደትና በንባብ ትገልጣለች፤ የኋለኞቹ ሠዓልያንም የተሰቀለውን ጌታ ያለ ፍርሃት ሥለዋል። የተሻለውን መልስ የሚያቀብሉን በ6ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን ተሳላሚዎች ከኢየሩሳሌም ይዘዋቸው የተመለሱት፥ በኢጣሊያ በሞንዛና በቦቢዮ የሚገኙት ትንንሽ የዘይት ዕቃዎች ናቸው። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ላይ ወንበዶቹ በግራና በቀኝ ሆነው፥ በመካከል መስቀሉ ብቻውን፥ ከበላዩም የክርስቶስ ፊት ይታያል። ስለዚህ የእኛው ሥዕል መሠረት የቅድስት አገር የመስቀል አክብሮት ነው ማለት ይቻላል። በጉም ቢሆን በዮሐንስ ወንጌልና በራእዩ ለሚያውቀው አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ692 በቍስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤ ክርስቶስ በበግ አምሳል እንዳይሣል ሲወስን፥ የኬልቄዶንን ሃይማኖት ያልተቀበለችው ኢትዮጵያ በዚያ ውሳኔ አልታሰረችም።

«ቅኔያችን ሰምና ወርቅ አለው፤ ሥዕላችንስ ስለ ምን አይኖረውም?» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ባለቅኔ ወርቁን የሚሰውረው ሰሚው ፈልጎ እንዲያገኘው ነው። ሠዓሊው ግን በሥዕሉ አጠገብ ማን እንደ ሆነና ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ያስረዳል። ስለዚህ ሥዕሉ የሚመሳሰለው ከቅኔ ይልቅ ከንባብና ከትርጓሜ ጋራ ነው። ትርጓሜው ይበዛል፤ ይጠልቃል፤ የተሸሸገ ግን አይደለም፤ መምህር ይፈልጋል እንጂ።

በብዙዎቹ መጻሕፍት ከባዶው መስቀል ቀጥሎ ቅዱሳት አንስት በመቃብሩ፥ ከዚያም ዕርገቱ ተሥለዋል። ቅጠሉን የሚገልጥ አንባቢ የጥያቄውን መልስ በሚቀጥለው ገጽ ያገኛል። መስቀሉ ባዶ፥ መቃብሩም ባዶ፤ ጌታ ግን በክብር ያርጋል። ሥዕሉ እንቆቅልሽ የሚሆነው ቅጠሉ ከመጽሐፉ ተገንጥሎ ሲሸጥ፥ ወይም ጽሑፉ ተቈርጦ በፎቶግራፍ ሲታተም ነው። እንግዲህ ምሥጢሩን የፈጠረው ሠዓሊው ሳይሆን የእኛ አያያዝ ነው። ወጣት ተመራማሪዎችም የተሰወረ ነገር ከመፈለጋቸው በፊት አስቀድመው ጽሑፉን እንዲያነቡ፥ ቀጥሎም የፊቱንና የኋላውን ገጽ እንዲመለከቱ፥ በመጨረሻም የገዳሙን መምህር እንዲጠይቁ አደራ እንላለን።