ወርቅ በመልክ ላይ
ስለ ወርቅ ቅጠል ሥዕሎችና ስለ ሰብሳቢዎቻቸው

ከሚዛን ተፈሪ በስተደቡብ ምዕራብ በዲማ ምድር ወርቅ ከአሸዋ ታጥቦ ይወጣል፤ ከቴፒ ጀምሮ እስከ ሸካና እስከ ካፋ ጫካ ድረስ ደግሞ ቀፎ በረዥም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ማርና ሰም ይቈረጣል። ሰምና ወርቅ እንዲህ ጎን ለጎን የሚገኙበት አገር ብዙ አይደለም። ስለዚህ ሰምና ወርቅ በአንድ ሰሌዳ ላይ የተገናኙበትን ሙያ፥ ይኸውም ወርቅ የለበሰውን የሰው መልክ ሥዕል፥ የዚያ አገር ሰው ቢመረምረው እንግዳ ነገር አይባልም።

መመርመሩም በጊዜው ነው። ቡናው በደኅና ዋጋ የተሸጠ እንደ ሆነ ባለጠጋው የከተማ ሰው ቤቱን አሳምሮ ከሠራ በኋላ ግድግዳው ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ሥዕል ይሻል። ከሥዕልም ሁሉ በዘይት ቀለም የተሣለው፥ ከዚያም ውስጥ ወርቅ ያለበት፥ አስቀድሞ ዐይኑን ይስበዋል። ዳሩ ግን ቡናን በሽታውና በፍሬው ለይቶ የሚያውቅ ነጋዴ፥ ሥዕል ሲገዛ ብልጭታውን ብቻ አይቶ ገንዘቡን ቢቈጥር ከሙያው ጋር የማይስማማ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

የዚህ ዐይነት ሥዕል ጥንታዊ ናሙና በግብጽ ይገኛል። ከልደተ ክርስቶስ በኋላ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው መቶ ዓመት ድረስ በፋዩምና በአካባቢው የኖሩ ሰዎች የሙታናቸውን መልክ በስስ የእንጨት ሰሌዳ ላይ እያሣሉ፥ ሰሌዳውን በተገነዘው ሬሳ ፊት ላይ ያስሩት ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተሣሉት ቀለሙ ከንብ ሰም ጋር ተዋሕዶ ነው። በአንዳንዶቹም ላይ የራሱ አክሊል ወይም የአንገቱ ጌጥ፥ አልፎ አልፎም ከራሱ በስተኋላ ያለው ሜዳ፥ በወርቅ ቅጠል ተለብጧል። እንግዲህ እነዚህ ሥዕሎች በቃሉ ግልጥ ትርጕም ሰምና ወርቅ ናቸው።

የቅኔ ተማሪ ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ሳያይ አያልፍም። በቅኔ ሰሙ ከላይ ነው፥ ወርቁ ከውስጥ፤ ሰሙን ያላቀለጠ ወርቁን አያገኝም። በፋዩም ሰሌዳ ላይ ነገሩ ተገልብጧል። ወርቁ ከላይ ተለጥፎ ለማንም ይታያል፤ ምስጢሩን የያዘው ሰሙ ነው። የሟቹ ትልልቅ ዐይኖች፥ የከንፈሩ ጥላ፥ በጕንጩ ላይ ያለው የወጣትነት ወዝ ሁሉ የተሣለው በሰም ነውና። ወርቁ ተልጦ ሰሙ ቢቀር ሰውየው አሁንም ሰው ነው፤ ሰሙ ጠፍቶ ወርቁ ቢቀር ግን ባለቤት የሌለው አክሊል ብቻ ይሆናል። ወርቅ ያለበትን ሥዕል ሁሉ ለመመዘን ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም፤ ወርቁን በሐሳብ አንሥቶ የቀረውን መልክ ማየት ነው።

የእነዚህ ሰሌዳዎች ዕጣ ስለ መሰብሰብም ያስተምራል። ቴዎዶር ግራፍ የተባለ የቪየና ነጋዴ በ1880ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት ያልተባለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) ብዙ ሰሌዳ ገዝቶ በታላላቅ ከተሞች እያሳየ ሸጠ። በዚያው ወራት፥ በ1888፥ እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ በሐዋራ መቃብር ቈፍሮ ተመሳሳይ ሥዕሎችን ሲያወጣ፥ እያንዳንዱ የተገኘበትን ስፍራና አብሮት የነበረውን ነገር ይጽፍ ነበር። ዛሬ በየሙዚየሙ ሁለቱም ወገን ተሰቅሎ ይታያል፤ ውበታቸውም ላይበላለጥ ይችላል። ነገር ግን ከነጋዴው እጅ የወጣው ሰሌዳ ከየትኛው ሬሳ ላይ እንደ ተቈረጠ፥ ከማን ጋር እንደ ተቀበረ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። ፊቱ አለ፤ ቤተ ዘመዱ የለም። ግራፍ ሥዕሎቹን ከጥፋት አድኗል የሚል ይኖራል፤ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም አንድ ቀለምና አንድ ወረቀት ብቻ የሚጠይቀውን ሥራ መተዉ ይቅር የሚባል አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ደግሞ የሚያስገርም ነገር ይገኛል። ወርቅ ያለበት አገር ሆኖ ሳለ የጥንቱ ሠዓሊ በወርቅ ቅጠል እምብዛም አልተጠቀመም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (ከ1434 እስከ 1468) የነበረው ፍሬ ጽዮን፥ በጣና ባሕር በዳጋ እስጢፋኖስ ሥራው የሚታወቀው፥ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ነጭ መደብ አልብሶ በቀለም ይሥል ነበር። የቍስጥንጥንያና የኢጣልያ ሠዓሊዎች ወርቅ የሚለጥፉበትን ስፍራ የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ብዙውን ጊዜ ከአርሰኒክ ማዕድን በሚገኝ ደማቅ ብጫ ሞሉት። ይህ ከድህነት የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን የሥዕሉን ስፍራ ያየ ሰው እንዲህ አይፈርድም። ወርቅ በጧፍ ብርሃን ፊት ይብለጨለጫል፤ ተመልካቹ አንድ እርምጃ ሲራመድ እሱም ይለወጣል፤ ባንዱ በኩል እንደ እሳት፥ በሌላው በኩል እንደ ጨለማ ነው። ብጫው ግን በቀኝም በግራም አንድ ነው፤ ዐይንን ወደ ራሱ አይጠራም፥ ወደ ፊቱ ያሳልፋል እንጂ። ወርቁን በሐሳብ ማንሣት የሚባለውን ፈተና የኢትዮጵያ ሠዓሊ አስቀድሞ በእጁ ፈጽሞታል።

ሰው ራሱን ስለ ማሣል ደግሞ የናርጋ ሥላሴ ግድግዳ አለ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በጎንደር ከእሳቸው የሚበልጥ ሥልጣን የነበረው ጥቂት ሰው ነው፤ በሥዕሉ ላይ የመረጡት ስፍራ ግን ከታች ነው። በቤቱ ሳሎን ከራሱ በስተኋላ ክብ ወርቅ አስደርጎ መሣል የሚያምረው ባለጠጋ ወደ ናርጋ በታንኳ ቢሻገር ድካሙን አይጸጸትበትም።

ስለ ወርቁ ራሱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ በዚህ ብዙ ሰው ይታለላልና። እውነተኛው ቅጠል ወርቅ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ እጅ ያህል እስኪሆን የሚሳሳ ነው፤ የሰው እስትንፋስ ያበርረዋል። በጥንቱ ሥርዐት ሰሌዳው በሙጫና በጄሶ ከተለበጠ በኋላ ቀይ የሸክላ አፈር ይቀባል፤ ቅጠሉ በውሃ ይተኛበትና በአጌት ድንጋይ ይፈተጋል፤ ያን ጊዜ እንደ መስተዋት ያበራል። ሁለተኛው ሥርዐት በሚያጣብቅ ዘይት መለጠፍ ነው፤ ይህ ደብዘዝ ያለ ነው እንጂ እንደ ፊተኛው አያበራም፤ እርጥበትን ግን ይበልጥ ይታገሣል። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ፥ ዝናሙ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር በማይለቅበት አገር፥ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በውሃ የተለጠፈ ወርቅ ከሥሩ ያለው ሙጫ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ቅጠሉም ተሰንጥቆ ይረግፋል።

ሦስተኛው ወርቅ ያልሆነው ወርቅ ነው። ከመዳብና ከዚንክ የተሠራ ቅጠል በሱቅ ሲታይ ከእውነተኛው ይልቅ ያምራል። ነገር ግን በቫርኒሽ ካልተሸፈነ አየሩና እርጥበቱ አግኝተውት ይጠቍራል፥ አንዳንዴም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ገዢው አጉሊ መነጽር ይያዝ። እውነተኛው ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ በአራት ማዕዘን ስምንት ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበበት ቀጭን መስመር ቶሎ ቶሎ ይታያል፤ የመዳቡ ቅጠል ሰፋ ያለ ስለሆነ መስመሩ ይራራቃል። በቡሩሽ የተቀባ የወርቅ መልክ ያለው ቀለም ከሆነ ደግሞ መስመር የለውም፤ እንደ አሸዋ የደቀቀ ፍንጣሪ ነው የሚታየው። ሻጩ ይህን ሁሉ በአንድ ስም «ወርቅ» ብሎ ሊጠራው ይችላል፤ ዋጋው ግን አንድ ሊሆን አይገባም።

በዘይት ቀለምና በወርቅ ከተሠሩት የሰው መልኮች ሁሉ ስሙ የገነነው ጉስታቭ ክሊምት በ1907 የፈጸመው የአዴሌ ብሎኽ ባወር ሥዕል ነው። ሠዓሊው የወርቅ ቀራጭ ልጅ ነበረ፤ በ1903 ወደ ራቬና ሄዶ የንግሥት ቴዎዶራን የወርቅ ሞዛይክ አይቷል። ሥዕሉ በየጎኑ 138 ሴንቲሜትር ነው፤ ያሣሉት የሴቲቱ ባል የስኳር ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። በስኳር የከበረ ሰው ያደረገውን በቡና የከበረ ሰው ቢመኘው አይፈረድበትም! ሥራው ድንቅ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ወርቁ ሲነሣ ምን ይቀራል? ፊት፥ አንገትና ደረት፥ ሁለት የተጣመሩ እጆች፤ አካሉ የለም፤ ልብሱና ወንበሩ ግድግዳውም ጭምር አንድ ወርቅ ሆነው ሴቲቱን ውጠዋታል። የቀረው ፊት ግን ሕያው ነው፤ ሰልችቶት የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። ሥዕሉን ከጌጥ ያዳነው ይህ ፊት ነው።

ወርቁ ሴቲቱን የዋጣት በሸራው ላይ ብቻ አልነበረም። ቤተ ሰቡ አይሁድ ስለ ነበሩ ናዚዎች በ1938 ንብረታቸውን ወረሱ፤ ሥዕሉንም ለሕዝብ ሲያሳዩ የአይሁዳዊቱን ስም አንሥተው «ወርቅ የለበሰች ሴት» አሏት። የእኅቷና የባሏ ወንድም ልጅ የሆኑት ማሪያ አልትማን ከረጅም ሙግት በኋላ በ2006 አስመለሱት፤ በዚያው ዓመት ሮናልድ ላውደር 135 ሚሊዮን ዶላር እንደ ተከፈለበት በተነገረ ዋጋ ገዝተው በኒው ዮርክ ሙዚየማቸው ሰቀሉት። ዋጋው ሲነገር የሚደነቅ ሰው ብዙ ነው፤ ስሙ ስለ መመለሱ የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

ከዚህ በቅርብ ዘመን አሜሪካዊው ኬሂንዴ ዋይሊ አለ። በመንገድ ያገኛቸውን ጥቍር ወጣቶች የቀድሞ ነገሥታትና ቅዱሳን በተሣሉበት አቋቋም ያቆማቸዋል። በትንንሽ የእንጨት ሰሌዳዎች ላይ 22 ካራት የወርቅ ቅጠል ለብጦ በዘይት ቀለም የሠራቸው አሉ። በ2011 ስለ እስራኤል በሠራው ተከታታይ ሥራ ደግሞ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤል ወጣቶች ተሥለዋል፤ ከእነርሱም የአንዱን መልክ የኒው ዮርክ የአይሁድ ሙዚየም ገዝቶታል። የዚህ ሥዕል ወርቅ ቅጠል ሳይሆን የወርቅ መልክ ያለው ኤናሜል ቀለም ነው። በስተኋላው ያለው ሐረግም በ19ኛው መቶ ዓመት በዩክሬን ከተሠራ የወረቀት ቅርጽ የተቀዳ ነው። ፈተናው እዚህም ይሠራል። ሐረጉ ቢነሣ ወጣቱ ዐይኑን ሳይሰብር ቆሞ ይቀራል፤ ሥዕሉ አይወድቅም። የሚያሳዝነው ሐረጉ ከየት እንደ መጣ ሲታሰብ ነው። የዩክሬን አይሁድ የቈረጡት ጌጥ በጀርባው ሲሰቀል፥ ከጎንደርና ከስሜን ወገኖቹ ይዘውት የሄዱት ጥበብ የለም ወይ? ሠዓሊው ለልጁ ክብር ሰጠ፤ የሰጠው ክብር ግን ከሌላ ቤት የተዋሰው ነው።

ይህ ሁሉ ወደ አንድ ጕዳይ ያደርሳል። በሰብሳቢ እጅ ምክንያት ኢትዮጵያ ካጣቻቸው የመልክ ሥዕሎች ዋናው ኵርዓተ ርእሱ ነው። በአውሮጳ እጅ የተሣለ፥ የጌታን የሾኽ አክሊል የሚያሳይ፥ ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት የሚወጡ፥ ሰው የሚምልበት ሥዕል ነበረ፤ በ1744 ሰናሮች ማርከውት በቤዛ ተመልሷል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ሥዕሉን ወሰደ፤ ለላከው ሙዚየም እንኳ ሳይሰጥ ለራሱ አስቀረው። ከሞተ በኋላ በ1917 በለንደን ጨረታ ተሸጠ፤ ኋላም ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ። ሆልምስ ሥዕል ዐዋቂ ነበረ፤ ዕውቀቱ ግን እጁን አልያዘውም።

በተቃራኒው የፖላንዱ ተወላጅ ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የድሮ ሥዕሎችን ሲሰበስብ፥ ከዚያም ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል መጽሐፍ ሲጽፍ ዕድሜውን አሳለፈ። የተቋሙ ወዳጆችም ከአገር እንዳይወጡ እየገዙ ይሰጡ ነበር። የተሰበሰበው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይታያል። የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 209/1992ም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

እንግዲህ በሚዛንና በቴፒ ያለ ሰብሳቢ ምን ይግዛ? ከቤተ ክርስቲያን የወጣ የሚመስል አሮጌ ሥዕል ይዞ ማታ በር የሚያንኳኳ ሻጭ ቢመጣ፥ ከየትኛው ደብር እንደ ወጣ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ መልሱ ያልተስተካከለ እንደ ሆነ ገንዘቡን ከኪሱ አያውጣ። የአባቱን ወይም የእናቱን መልክ ማሣል ከፈለገ ደግሞ በሕይወት ያለ የአገር ሠዓሊ ይፈልግ፤ ለወርቁ ከሚከፍለው ለፊቱ የሚከፍለው ይብዛ። ሠዓሊው የተጠቀመበትን ቀለምና የቅጠሉን ዐይነት፥ ቀኑንና የተሣለውን ሰው ስም በሰሌዳው ጀርባ ያስጽፍ። ወርቅ ካለበት በዘይት የተለጠፈ ይሁን። ሥዕሉ ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል ይራቅ፥ በጀርባው አየር ይለፍ፤ በክረምት ሻጋታ እንዳይዘው በየሳምንቱ ይታይ። ዕጣን በሚጨስበትና ቡና በሚቈላበት ፊት ለፊት ግን አይሰቀል፤ ጢሱ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወርቁንም ፊቱንም አንድ ቀለም ያደርጋቸዋልና።