ስለ ጊት ሙሉ ቅጂ
በጅቡቲ ከተማ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሐሩሩ 40 ዲግሪ በሚያልፍባትና የባሕሩ ጨው ብረትን ሁሉ በሚበላባት በዚያች ወደብ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ተቃጥሎ የፕሮግራሙ ማኅደር ቢጠፋ፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. የፈጠረው የፕሮግራም ለውጦች መዝጋቢ፣ ጊት፣ ማኅደሩን የቀዳውን ሠራተኛ ሁሉ የምሉዕ ታሪክ ባለአደራ አድርጎ ስላቆመ፣ ከአንዲት ላፕቶፕ እንኳ ሥራው ከጥንቱ ጀምሮ ይነሣል። መጽሐፈ ሄኖክም በምልዓቱ በግዕዝ ብቻ የተረፈው፣ ሳይታክቱ በገለበጡት ጸሐፍት እጅ አይደለምን? በተቃጠለው ሰርቨር ምትክ በተተከለው አዲስ ማሽን ባዶ ማኅደር ተከፍቶ ቅርንጫፎቹ በ«ጊት ፑሽ» ሲላኩ፣ እያንዳንዱ ለውጥ ባለ40 ሆሄ ማኅተሙን ይዞ ይመጣልና፣ አንዲት ነጥብ ብትዛባ ማኅተሙ ያጋልጣታል፤ እንዴት ያለ ድንቅ ጥንቃቄ ነው! ቅጂው የቆየ እንደሆነ ግን ከዚያ ወዲህ የተሠራው ስለሚጎድል፣ የባልደረቦቹን ላፕቶፖች ሁሉ መርምሮ የቅርቡን መምረጥ ይገባል።