ጊታሩን ያገኘው ሰው

ለዘፈን ግጥም ከሚመረጡ ጉዳዮች ሁሉ እንደ ነፃነት ጸሐፊውን የሚያዘናጋ የለም። ስሙ ገና ሲጠራ ልብ ስለሚሞቅ ግጥሙ ሳይጻፍ የተጻፈ ይመስላል። ወጣት የግጥም ደራስያን ሥራቸውን እንዳይላቸው ሲያመጡልኝ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ይኸው ነው፤ ነፃነት ትወደሳለች፣ ትናፈቃለች፤ ማን ምን እንደተነጠቀ ግን አይታወቅም። ያን ጊዜ የካናዳውን የሮክ ባንድ «ራሽ»ን አስደምጣቸዋለሁ። የባንዱ ግጥም ጸሐፊ ኒል ፔርት ፍልስፍና ይዞ ወደ ሙዚቃ የገባ ሰው ነበር። ፍልስፍናው የቱ ጋ እንደጠቀመው፣ የቱ ጋ ደግሞ እንደከበደው ዘፈኖቹ ራሳቸው ያሳያሉ።

ፔርት «ራሽ»ን የተቀላቀለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ሌሎቹም ዓመቶች እንደዚያው ናቸው)። ከዚያ በፊት በኦንታሪዮ፣ ሴንት ካተሪንስ፣ አባቱ ዘንድ የእርሻ መሣሪያ መለዋወጫ ይሸጥ ነበር። የተቀጠረው ከበሮ እንዲመታ ነው፤ መጽሐፍ ከእጁ ስለማይጠፋ ግን ድምፃዊውና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጌዲ ሊ እና ጊታሪስቱ አሌክስ ላይፍሰን ግጥሙንም ለእሱ ተዉለት። ከሚያነባቸው አንዷ አይን ራንድ ነበረች። በ1905 ሴንት ፒተርስበርግ የተወለደች፣ የአባቷ መድኃኒት ቤት በቦልሼቪኮች የተወረሰባት፣ በ1926 አሜሪካ የገባች ደራሲ ናት። ሰው የራሱ ባለቤት ነው፤ መንግሥትም ሆነ ማኅበር ያለ ፈቃዱ በሕይወቱና በላቡ ፍሬ ሊያዝበት አይገባም ብላ አስተማረች። ሊበርታሪያን የሚባሉት ብዙ ሐሳብ ከእሷ ወስደዋል፤ እሷ ግን በስማቸው መጠራትን አጥብቃ ትቃወም ነበር።

መወረስ ምን እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ትርፍ ቤቶች በአዋጅ የተወረሱት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው፤ ራሽ ሁለተኛና ሦስተኛ አልበሙን ባወጣበት በዚያው በ1975 ማለት ነው። ቀጥሎ በመጡት ዓመታት የዘፈን ግጥም ሳንሱር ፊት ይቀርብ ነበር፤ የአዲስ አበባንም ምሽት ሰዓት እላፊ ጸጥ አሰኘው። ስለዚህ የራንድ ቁጣ ከየት እንደመጣ እረዳለሁ፤ አከብረዋለሁም። ቁጣ ብቻውን ግን ግጥም አይሆንም።

ይህ በመጀመሪያዎቹ የፔርት ሥራዎች ላይ በደንብ ይታያል። በ1975 የወጣው «ፍላይ ባይ ናይት» አልበም የሚከፈተው «አንተም» በተባለ ዘፈን ነው፤ ስሙ የተወሰደው ራንድ በ1938 ካሳተመችው አጭር ልብ ወለድ ነው። ሙዚቃው ይነድዳል። ግጥሙ ግን ሰው ለራሱ መኖር እንዳለበት አድማጩን ያስተምራል፤ ያስጠነቅቃል፤ በውስጡ የሚራመድ፣ የሚራብ፣ የሚሳሳት ሰው የለም። አድማጭ በሐሳቡ ቢስማማ ይስማማል፣ ባይስማማ ያልፈዋል። ዘፈን ግን ከማይስማማውም ሰው ጋር አብሮ ማደር አለበት።

በዚያው ዓመት የወጣው «ካረስ ኦቭ ስቲል» የተባለ አልበም ገበያ አጣ። ባንዱ በትንንሽ አዳራሾች ይዞር ጀመር፤ የሪከርድ ኩባንያው አጠር ያሉ፣ ለሬዲዮ የሚሆኑ ዘፈኖች ፈለገ። ሦስቱ ወጣቶች ግን ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚፈጅ፣ የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ የሚይዝ ዘፈን ሠሩ። «2112» ይባላል፤ በ1976 ወጣ። ታሪኩ ይህ ነው፤ በ2112 ዓለም በካህናት እጅ ናት፤ የሚነበበውን፣ የሚዘፈነውን እነሱ ይወስናሉ። አንድ ወጣት ከፏፏቴ ጀርባ ባለ ዋሻ ውስጥ የተረሳ ጊታር ያገኛል። ወደ ካህናቱ ይዞት ይሄዳል፤ ይሰባብሩበታል። እሱም በተስፋ መቁረጥ ራሱን ያጠፋል።

እንደ ባለሙያ የምቆመው ጊታሩ የተገኘበት ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ላይፍሰን ያልተቃኘ ጊታር እንደ ጀማሪ ይነካካል፤ ክሩን አንድ በአንድ ይቃኛል፤ ቀስ በቀስ ዜማ ይወጣዋል። ግጥሙ እዚህ ላይ ዝቅ ብሎ ለጣቶቹ ቦታ ይለቃል። ማንም ስለ ነፃነት ሳይሰብክ አድማጩ ራሱ ያገኛታል። ካህናቱ ሲሰብሩት ያንን ድምፅ አብረን ስላገኘነው የተሰበረው የእኛ ነው። «አንተም» በስብከት ያልሠራውን አንድ የእንጨት ዕቃ ሠራው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ወጣቱ ጊታሩን እንዳገኘ አልደበቀውም፤ ሌላው ሰው እንዲሰማው ቸኮለ። የራንድ የ«አንተም» ልብ ወለድ ጀግናም የኤሌክትሪክ ብርሃን ሠርቶ ለሊቃውንቱ ሸንጎ ያቀርባል፤ ሲነፈገው ግን ጫካ ገብቶ ይድናል፤ ያሸንፋል። የፔርት ጀግና የሚያካፍለው ሲያጣ መኖር አቃተው። ፔርት ይህን አስቦበት ይሁን አይሁን፣ ገጸ ባሕርይው ከፍልስፍናዋ ወጥቶ በራሱ እግር ሄዷል። እኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ፔርት ታሪኩ ከራንድ መጽሐፍ ጋር መመሳሰሉን ሲያስተውል ለእሷ ያለውን ምስጋና በአልበሙ ላይ አሰፈረ። ዋጋ አስከፈለው። በ1978 አንድ የብሪታንያ የሙዚቃ ጋዜጣ ባንዱን ከፋሺዝም ጋር የሚያቀራርብ ጽሑፍ አወጣ። የጌዲ ሊ አባትና እናት ከፖላንድ የመጡ አይሁድ፣ ከአውሽዊትዝ የተረፉ ሰዎች ነበሩ። ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ ልጅ ያ ስድብ ምን ያህል እንደሚያቆስል መገመት አያዳግትም። እናቱ ከካምፕ ነፃ ስለወጡበት ቀን የነገሩት ታሪክ በ1984 ለወጣው «ሬድ ሴክተር ኤ» ለተባለ ዘፈን መነሻ ሆነ። እዚያ ውስጥ ቲዎሪ የለም፤ በሕይወት ለመቆየት የሚታገል እስረኛ አለ።

«ዘ ትሪስ» የተባለውን የ1978 ዘፈን የሊበርታሪያኖች ተረት አድርገው የሚያነቡት ብዙ ናቸው። ሜፕል የተባሉት ዛፎች፣ ኦክ የተባሉት ረዝመው ብርሃኑን ሁሉ ያዙብን ብለው ይደራጃሉ፤ በመጨረሻ ሁሉም ዛፍ በመጥረቢያ እኩል ይደረጋል። ፔርት ራሱ መነሻው እንደ ሰው የሚጣሉ ዛፎች ያየበት የካርቱን ሥዕል መሆኑን ተናግሯል። ጫካ የሚያውቅ ሰው ግን የሜፕሎቹ አቤቱታ እውነት መሆኑን ያያል፤ ረጅም ዛፍ ከሥሩ ያለውን በእርግጥ ያቀጭጫል። መጥረቢያውም አስፈሪ ነው፣ ጥላውም ጥላ ነው። ዘፈኑ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ሁለቱንም ስለያዘ ነው።

ፔርት ግጥሙን ብቻውን በወረቀት ጽፎ ለጌዲ ሊ ይሰጥ ነበር። ሊ ከሙሉ ገጽ አንዳንዴ ሁለት መስመር ብቻ መርጦ ይመልስለታል፤ ፔርትም በእነሱ ዙሪያ እንደገና ይጽፋል። ስለ ግለሰብ ልዕልና አጥብቆ የጻፈ ሰው ግጥሙን በጓደኛው ጉሮሮ ሲያስፈትን ኖረ። ድምፃዊ አፉ ላይ ያልተመቸው ሐሳብ፣ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ አድማጭ ጆሮ አይደርስም፤ ይህን በስቱዲዮ ሥራ ላይ ሁልጊዜ አየዋለሁ።

እያደር ፔርት ከራንድ ራቀ። በ1982 «ሰብዲቪዥንስ» በተባለው ዘፈን ከእኩዮቹ ጋር መመሳሰል ያቃተውን የከተማ ዳር ልጅ ጻፈ፤ ያው የግለሰብ ጉዳይ ነው፤ አሁን ግን በትምህርት ቤት ኮሪደር ይሄዳል። በ2012 ለሮሊንግ ስቶን መጽሔት ሲናገር ራሱን ለተቸገረ ሰው የሚራራ ሊበርታሪያን አድርጎ ገለጸ። በ2010 በኬንተኪ ለሴኔት ይወዳደር የነበረው ራንድ ፖል የባንዱን ዘፈኖች ለቅስቀሳ ሲጠቀም ጠበቃቸው እንዲያቆም ጻፈለት፤ ጉዳዩ የቅጂ መብት እንጂ ፖለቲካ አለመሆኑንም አስታወቀ። ፔርት በጥር 2020 በአንጎል ካንሰር አረፈ።

ይህን ሙያ ለጀመራችሁ አንድ አደራ አለኝ። ሐሳባችሁን ከልብ ወለድ፣ ከፍልስፍና መጽሐፍ ወይም ከሌላ ሰው ድርሰት ካገኛችሁት፣ የደራሲውን ስም በአልበማችሁ ላይ አስፍሩ። ፔርት የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሳለ አስፍሮታል።